ከጨርቁ ስር ያለችው

ጨርቁ ከራሷ ላይ ሳይነሳ በፊት፣ ኢዞራ ጭን ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦ ነበር።

ድመት እንዳትሉኝ። ድመት ይሞቃል፣ ይንቆራጠጣል። ይሄ ዝም ያለ ክብደት ነው፤ እንቅልፍ የጣለው ሕፃን እላያችሁ ላይ ሲዘረጋ የሚከብደው ዓይነት። ኢዞራ ብትጮህ ደስ ባላት፣ ግን ፎቶው ሊበላሽ ነው። የቆርቆሮ ፎቶ እንደ ስልክ ቀጭ አድርገው የሚገላገሉት ነገር አይደለም፤ የሚነሳው ሰው እንደ ድንጋይ ደርቆ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ጥርሷን ነከሰች። ጨርቁ ከትንፋሿ ጋር ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ይላል። ይብስ ብላ ትንፋሿን ያዘችው።

ጨርቁ ግን መግባት መውጣቱን አልተወም።

"በቃ፣ ጨርሻለሁ" አለ ኤሞሪ የካሜራውን ክዳን እየመለሰ።

ጨርቁን ገፍፋ ጣለችው። ጭኗ ላይ ምንም የለም። ቀሚሷ ብቻ ነው። ግን ቀሚሷ መሃሉ ላይ ጎድጉዷል፣ ልክ ጭንቅላት የተነሳበት ትራስ መስሎ።

"ምነው? የሆነ ነገር ያየሽ መሰልሽ።"

"እግሬ ደንዝዞ ነው" አለችው። ዋሸች። የሚወዱት ልጅ ፊት እብድ መምሰል ማን ይፈልጋል?

አሁን ከመጀመሪያው ላስገባችሁ። ኢዞራ ማንጊን የኮስቲን ደሴት ልጅ ናት፤ ከሳቫና ከተማ ወጥታችሁ ረግረጉን አቋርጣችሁ ድልድዩን ስትሻገሩ ያለችው። ያሳደገቻት አክስቷ ቪኒ ናት፣ ሸርጣን ቤት ውስጥ ከሸርጣን ሥጋ ስትፈለቅቅ የምትውል ሴት። ኢዞራ ሳቫና ሄዳ ፎቶ ተማረችና ቁምሳጥን የሚያክል የእንጨት ካሜራ ይዛ ተመለሰች። ሥራዋ ደግሞ ለየት ያለ ነው። የድሮ ፎቶዎችን ትሰበስባለች፤ ጥቁር ሴት ያለችባቸው ግን የሌለችባቸው። ግማሽ ፊቷ የተቆረጠ፣ ጀርባዋን የሰጠች፣ የሰው ልጅ አቅፋ የቆመች፣ ከስር "ሞግዚት፣ ስሟ የማይታወቅ" ተብሎ የተጻፈባት። ከዚያ የደሴቱን ሴቶች እንደዚያው አልብሳ፣ እንደዚያው አስቀምጣ ታነሳቸዋለች። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በኢዞራ ፎቶ ላይ ሴቶቹ ቀጥ ብለው ያዩአችኋል። ከአንዳንዶቹ ፊት ለረጅም ጊዜ መቆም ያስፈራል፣ እውነቴን ነው።

እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ የመሰባሰቢያ ቀን ነው። በየከተማው የተበተነው ዘመድ ሁሉ ሲመጣ ፎቶዎቹ አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላሉ። ሁሉም ቦታቸውን ይዘዋል። አንድ ሚስማር ግን ባዶ ነው።

ያ ሚስማር የሚጠብቀው ፎቶ መነሻው የተገኘው ከኤሞሪ ቤት ነው። ኤሞሪ ዱቫል ማለት የዱቫል ቀብር ቤት ወራሽ ማለት ነው፤ ያ ጡብ ቤት፣ ያ ረጅም ጥቁር መኪና፣ ጥቁር ሆኖ በቀላ መልኩ የሚኮራ ያ ቤተሰብ። በእናቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ የቀብር ቤቱ መሥራች ኦገስት ዱቫል ሕፃን ሆኖ የተነሳው የቆርቆሮ ፎቶ አለ። ወፍራም፣ ቀላ ያለ፣ ጥርት ብሎ የወጣ ሕፃን፣ ከኋላው ጥቁር መጋረጃ፣ ዙሪያውን እንቁላል ቅርጽ ያለው የካርቶን ክፈፍ። ኤሞሪ መስታወቱን ሊወለውል ሲፈታው ካርቶኑ ወለቀ። ከካርቶኑ ስር ሁለት እጆች ነበሩ፣ የሕፃኑን ወገብ የያዙ። ጥቁር እጆች። "መጋረጃው" ደግሞ ጭንቅላት አለው፣ ትከሻ አለው። በዚያ ዘመን ሕፃን እንዳይንፈራገጥ አንዲት ሴት ጨርቅ ተከናንባ ወንበር ሆና ትይዘው ነበር'ኮ። ከሁለቱ እጆች በአንደኛው ላይ፣ ከትንሿ ጣት ጎን፣ እንደ ባቄላ ቡቃያ የበቀለች ስድስተኛ ጣት ነበረች።

ኤሞሪ ያንን አይቶ ወዲያው ወደ ኢዞራ ሮጠ። በድብቅ። ለዚህ ነው እዚህ ያሉት፣ የቀብር ቤቱ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ድሮ ቤተሰብም አስከሬንም ፎቶ ይነሳበት በነበረው ክፍል፣ ያው ወንበር ላይ።

ቆርቆሮውን ማጥሪያ ውሃው ውስጥ ነከሩትና ሁለቱም ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ሰው ፊት ይመስላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይጠራል። ጨርቅ የተከናነበች ሴት ወጣች።

"አምባርሽ እጁን ቀይሯል" አለ ኤሞሪ። "ግራ ላይ አልነበረ?"

"የቆርቆሮ ፎቶ እንደ መስታወት ነው፣ ደደቡ። ግራህን ቀኝ ያደርገዋል። የሞተ ሰው ከረባት ማሰር ብቻ ነው እንዴ የተማርከው?"

"የሞተ ሰው ቢያንስ አይሳደብም" አለና ጣቶቿን ያዛቸው። የኢዞራ ጣቶች ሁሌም ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው፤ ቆርቆሮው የሚነከርበት የብር ውሃ ቆዳ ሲነካ መጀመሪያ ምንም አይታይም፣ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ለሳምንት አይለቅም። ኤሞሪ ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ነካቸው። ስለ ጭኗ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ዓይኑን ስታየው ግን ያ ክብደት ከጭኗ ተነስቶ ደረቷ ላይ ገባ፤ የፍርሃት ይሁን የፍቅር እሷም አልለየችውም።

* * *

በማግስቱ ሚስ ኮራሊ፣ የኤሞሪ እናት፣ ራሳቸውም በትውልድ ዱቫል፣ አስጠሯት።

አክስት ቪኒ ይሄን ስትሰማ የሸርጣን ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች። "ዱቫሎች እኛን በራቸው የሚያስገቡን ስንሞት ብቻ ነው። እስቲ እጅሽን ስጪኝ፣ ደም ሥርሽ ይመታል?"

"ምናልባት ለልጇ ልትለምነኝ ይሆናል'ኮ።"

"እሺ ሙሽሪት። እንግዲያው ጣትሽን በሎሚ እሺው። ደግሞ በጓሮ በር እንዳትገቢ። በጓሮ የሚገባው ሬሳ ነው።"

በፊት ለፊት ገባች። ጎን ባለው ክፍል የአንድ ሽማግሌ አስከሬን ስለነበር የሳሎኑ መስታወቶች ሁሉ ነጭ አንሶላ ለብሰዋል። የሞተ ሰው ባለበት ቤት መስታወት ይሸፈናል፣ ነፍሱ መንገድ እንዳይስት። በዱቫሎች ቤት ደግሞ የሞተ ሰው የማይኖርበት ቀን ስለሌለ መስታወቶቹ ተገልጠው አያውቁም። እዚያ ቤት ያደገ ልጅ ከረባቱን የሚያስረው በዳበሳ ነው።

ሚስ ኮራሊ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ጥቁር ቀሚስ፣ እስከ ክንድ የሚደርስ ነጭ ጓንት። ሲበሉም ጓንት ነው። ሰው "ኩራት ነው" ይላል።

"ተቀመጪ። ሻይ በበረዶ?"

"እሺ፣ አመሰግናለሁ ሚስ ኮራሊ።"

"ጣትሽ ምን ሆኖ ነው?"

"የብር ውሃው ነው። ቢታጠብ አይለቅም።"

"የኛም ሥራ የሚያቆሽሽ ሥራ ነው" አሉ፣ ጓንታቸውን እያስተካከሉ። "ግን ከጣታችን ላይ ማንም አንብቦብን አያውቅም።"

ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ካርቶኑ ወልቆ። ኤሞሪ በሩ ጋ ቆሟል፣ እጆቹን ኋላው አጣምሮ፣ ቀብር ላይ እንደሚቆመው።

"ከክፈፉ ያወጣው ልጄ ነው" አሉ ሚስ ኮራሊ። "ያስወጣሽው ግን አንቺ ነሽ። ያ ጀርባው ያለው መጋረጃ ነው።"

"መጋረጃ ጣት የለውም፣ ሚስ ኮራሊ።"

ሚስ ኮራሊ ፎቶውን በጓንታቸው ጫፍ ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

"እሺ። ሞግዚት ናት። ሠራተኛ። የኦገስት እናት ከቻርልስተን የመጡ፣ መልካቸው እንደ ቅቤ የሆነ እመቤት ነበሩ። ሲወልዱ አረፉ። ይሄን ደሴቱ በሙሉ ያውቃል።"

"ፎቶ አላቸው?"

"የላቸውም።"

"መቃብርስ?" ኢዞራ ምላሷን ልትይዘው ፈለገች፣ አልያዘችውም። "ደሴቱን በሙሉ የቀበራችሁት እናንተ ናችሁ። እሳቸውን የት ቀበራችኋቸው?"

ሚስ ኮራሊ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

"እሁድ ያ ሚስማር ላይ አንዳች ነገር ከተሰቀለ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄ ቤት ለአንቺ የሚከፈተው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ አንቺ አታዪውም።"

ኢዞራ ወደ በሩ ዞረች። ኤሞሪን አየችው። እሱ ወለሉን ያያል። አንድ ነገር በል፣ አለችው በዓይኗ፣ የፈለግከውን፣ ሳል እንኳ። ኤሞሪ ቀና አለና "እማ፣ የሽማግሌው ቤተሰቦች መጥተዋል" አለ።

በቃ። ይሄንን ነው ያለው።

ኤሞሪ የሰጣት የኋላ ክፍሉ ቁልፍ አንገቷ ላይ፣ ቀሚሷ ውስጥ ነበር። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ብረቱ ከቆዳዋ የወሰደው ሙቀት ገና አልበረደም ነበር። ስትወጣ ያ ሙቀት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማት ነበር።

* * *

ኤሞሪ አልደወለም። እሷም አልደወለችም። ሁለት ግትሮች። ማታ ማታ አክስት ቪኒ ቀይ ሩዝ በሽሪምፕ ሠርታ ታቀርብላታለች፣ ኢዞራ ሽሪምፑን በሹካ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ትነዳዋለች።

ቅዳሜ ረፋድ አክስት ቪኒ ከሽማግሌው ፍትሐት ስትመለስ የወረቀት ማራገቢያ ይዛ መጣች፤ ዱቫሎች ለለቀስተኛ የሚያድሉት፣ ፊቱ ላይ "ዱቫል ቀብር ቤት፣ በክብር እናሳርፋለን" የሚለው። ጀርባው በኤሞሪ ጽሑፍ ሞልቷል።

"ኢዞራዬ፣ ዝም ያልኩት ስለማልወድሽ አይደለም። ያን ቀን አፌን ብከፍት ለእማ የምናገረውን መልሼ መቅበር አልችልም ነበር፤ እኔ ደግሞ መቅበር የማልችለው ነገር ያስፈራኛል። እባክሽ እሁድ አትስቀይው። ለእማ ብዬ አይደለም። ማታ ጨርቁን አጥፌ ቁምሳጥኑ ውስጥ አስቀምጬ ክፍሉን እቆልፋለሁ። ጠዋት ስከፍት ወንበሩ ላይ ነው። መሃሉ ጎድጉዶ። ያንቺ ቁልፍ እማ ጋ ነው፣ እማ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ክፍል ረግጣ አታውቅም። የቀሰቀስናት ይመስለኛል። ትተኛ። እወድሻለሁ።"

አክስት ቪኒ ከትከሻዋ በላይ አነበበችና "በማራገቢያ የሚወድ ወንድ ጥሩ ነው" አለች። "ቢያንስ ያቀዘቅዝሻል።"

ኢዞራ አልሳቀችም። ነደዳት። እናቱን መጋፈጥ ሲያቅተው ሙት አስነስቶ ሊያስፈራራት። ሕፃን ልጅ ናት እንዴ? ሄዳ የኋላ ክፍሉ ውስጥ የቀረውን ካሜራዋን ታመጣለች፣ ፊቱንም አታይም፣ አለቀ።

ብቻ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ያ የጭኗ ጉድጓድ ትዝ አላት። ነፋስ መጣ። ከዋርካዎቹ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት በሙሉ ወደ አንድ ጎን ተወዛወዘ፣ የሆነ ሰው በመሃሉ እየገፋ እንዳለፈ።

* * *

ሁሉም ሽማግሌውን ሊቀብሩ ወጥተዋል። የፊት በሩ ተቆልፏል። ኢዞራ ዞራ በጓሮ በር ገባች። የአክስቷ ቃል ትዝ ያላት እግሯ ካለፈ በኋላ ነው።

የኋላ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረገችው።

ወንበሩ ላይ ጨርቅ የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች።

ጨርቁ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ይላል። እጆቿ ከስር ወጥተው ጭኗ ላይ ባዶ አየር አቅፈዋል። ኢዞራ መሮጥ ፈለገች፣ አልሮጠችም። የተነሳችው ፎቶ ነው'ኮ ከፊቷ ያለው። እሷ ራሷ ናት። የድሮው ፎቶ ሴትም ናት።

"በሩን ዝጊው" አለ ጨርቁ። "አቧራ ይገባል።"

ኢዞራ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። "ሚስ ኮራሊ?"

"በሸርጣን ሽታሽ ነው ያወቅኩሽ።" ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። "እዚህ ስር ምን እንደሚታይ ታውቂያለሽ? ምንም። የያዝሽውን ልጅ ማጅራት እንኳ አታዪውም።"

"እርስዎ ነበሩ? ጨርቁን ወንበሩ ላይ የሚያወጡት?"

"ጎህ ሲቀድ፣ ኤሞሪ ሳይነሳ። እንዴት እንደተነፈሰች ማወቅ ፈልጌ ነው። ምስኪን ልጄ መንፈስ መስሎታል።" የጨርቁን ጫፍ በጣታቸው ቆነጠጡት። "የመጀመሪያው ቀን ስገባ ግን ጨርቁ ወንበሩ ላይ ጠበቀኝ። እሱን እኔ አላደረግኩትም።"

ከዚያ ጨርቁን ራሳቸው አወረዱት። ፀጉራቸው ተበትኗል። ዕድሜያቸውን ሁሉ የለበሱት ኩራት የት እንደሄደ እንጃ፤ የተቀመጠችው የደከማት ሴት ናት። የግራ ጓንታቸውን ከጣት ጫፍ ጫፍ እየሳቡ አወለቁት። እጁን ዘረጉላት። ከትንሿ ጣት ጎን የጤፍ አይደለም፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጉጥ አለች።

"ስወለድ ስድስት ነበር። አዋላጇ በጥቁር ክር አሰረችው፣ ደርቆ ወደቀ። አባቴም እንደዚሁ። የሱ አባትም። ኦገስትም ነበረው ይላሉ። ሁላችንም በግራ እጅ። በዱቫል ቤት ሁልጊዜ ግራ ነው።"

ኢዞራ ፎቶው ላይ ያለችውን እጅ አሰበች።

"ሙሽራ ሆኜ እያለሁ ያንን ክፈፍ ፈትቼ እሷን አየኋት" አሉ ሚስ ኮራሊ። "ጣቷን አየኋት። ቤቱ ዞረብኝ። አንዲት ጥቁር፣ ስም የለሽ፣ ወንበር የሆነች ሴት! ከዚያ ደግሜ አየሁ። የሷ ቀኝ እጇ ላይ ነው። ቀኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ የኛ አይደለችም። ዘጋሁና ሰቀልኳት። ደስ አለኝ፣ ገባሽ? ደስ አለኝ። ግን ስንት ጊዜ አጉሊ መነጽር ይዤ ተመለስኩ። እርግጠኛ የሆነ ሰው'ኮ አይመላለስም።"

ቃሉ ኢዞራ ምላስ ላይ መጣ። መስታወት። አንድ ቃል ነው። ብትለው አሸንፋለች፤ ሚስማሩም፣ ኤሞሪም፣ ስድቡም ሁሉ ያልቃል። እኚህ ሴትዮ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተደገፉት ግድግዳ ያ "ቀኝ" የሚለው ነገር ነው። በቃል ገፍቶ መጣል ቀላል ነው። ኢዞራ ሚስ ኮራሊን አየች፣ ባዶ ክንዳቸውን አየች፣ ቃሉን ዋጠችው። ይሄን መናገር ያለባት ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ናት።

"ላንሳዎት" አለች።

"እንደሷ?"

"እንደሷ። ጨርቁ ግን ትከሻዎ ላይ ይሁን። ፊትዎ ይታይ።"

ሚስ ኮራሊ ጨርቁን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ የቀኝ ጓንታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ኢዞራ ቆርቆሮውን አዘጋጅታ፣ የብር ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ሳይደርቅ እየተጣደፈች ስትመጣ ኤሞሪ በሩ ላይ ነበር፣ በቀብር ልብሱ፣ ጫማው ጭቃ። እናቱን አየ። ከዚያ እጃቸውን አየ። በሕይወቱ የእናቱን ባዶ እጅ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

"እማ..."

"ዝም ብለህ የምትታዘዘው ለኔ ብቻ ነው እንዴ?" አሉት። "ልጅቷ ክዳኑን ያዝ ትልሃለች።"

ያዘ። ኢዞራ ጎንበስ ብላ የሚስ ኮራሊን እጆች አስተካከለች፣ ግራውን ከላይ፣ ቀኙን ከስር፣ ጣቶቿ ገና ከብር ውሃው እርጥብ ናቸው። ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው። "ምንም አያስቡ" አለቻቸው። "ወደኔ ይዩ።"

ኤሞሪ ክዳኑን አነሳ። ውጭ ሰማዩ አረንጓዴ ሆኗል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደሚሆነው። ሚስ ኮራሊ አልተነፈሱም። ክንዳቸው ግን ቀስ እያለ ዝቅ አለ፣ የያዘው ነገር እየከበደው የሚሄድ ይመስል። ኢዞራ ያንን ክብደት ታውቀዋለች። ኤሞሪን አየችው፣ እሱም አይቶታል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ክዳኑን ግን አልለቀቀም። ያን ሰዓት ነው ይቅር ያለችው፣ እሱ አያውቅም እንጂ።

ማጥሪያው ውሃ ውስጥ መጀመሪያ ሰማያዊ የሰጠመ ፊት መጣ። ከዚያ ጠራ። ሦስቱም ጎንበስ ብለዋል። ዓይኖቹ ወጡ፣ ቀጥ ብለው የሚያዩ። ግንባሩ። ከንፈሩ። ሚስ ኮራሊ ግን ፊታቸውን አላዩም፣ እጃቸውን ነው የሚፈልጉት። አገኙት። የድሮውን ፎቶ ከሳሎን አምጥተው ከጎኑ አስቀመጡ። አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ።

"ይሄ ልክ አይደለም" አሉ። "ጉጧ ያለችው ቀኜ ላይ ነው።"

ኢዞራ ሁለቱን ፎቶዎች ይበልጥ አቀራረበቻቸው።

"እኔ ግራ ነኝ።" እጃቸውን አነሱት፣ እርግጠኛ ለመሆን ይመስል። "ኢዞራ፣ እኔ ግራ ነኝ'ኮ።"

"ግራ ነዎት፣ ሚስ ኮራሊ። የቆርቆሮ ፎቶ ያገላብጣል። እንደ መስታወት።"

"የሷንም?"

"የሷንም።"

ሚስ ኮራሊ ቀና ብለው በተከፈተው በር በኩል ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን፣ አንሶላ የለበሰውን መስታወት አዩ። "በዚህ ቤት መስታወት አይተን አናውቅም" አሉ በቀስታ። ከዚያ ወደ ኤሞሪ ዘንበል አሉና ያዛቸው። ያለቀሱት እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። እናቷን ገበያ መሃል ያጣች ልጅ ስታገኛት እንደምታለቅሰው ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ኤሞሪ ቆይቶ፣ ጣቱን ሳያስነካ። አዲሱ ፎቶ ላይ፣ በሚስ ኮራሊ ሁለት ክንዶች መሃል፣ ነጣ ያለ ጭጋግ አለ።

"መድኃኒቱ እኩል ሳይፈስ ሲቀር እንደዚህ ያደርጋል" አለች ኢዞራ። ያደርጋል ደግሞ። ግን የተናገረችውን እሷ ራሷ አላመነችውም። በድሮው ፎቶ ልጁ ጥርት ብሎ እናቱ ናት የጠፋችው። በዚህኛው እናቲቱ ጥርት ብላለች።

"ተንቀሳቅሶ ነው" አሉ ሚስ ኮራሊ፣ እንባቸውን በባዶ እጃቸው እየጠረጉ። "ልጅ እንዲህ ነው። ሲለቁት ይሮጣል።" ከዚያ ወደ ኢዞራ ዞሩ። "ነገ ከስሩ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?"

"ስሟን አናውቀውም'ኮ።"

"አናውቀውም። 'የኦገስት እናት' በይ።" ትንሽ አሰቡ። "'የኮራሊም' ብለሽ ጨምሪበት።"

እናቱ ከወጡ በኋላ ኤሞሪ እዚያው ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። "ኢዞራ፣ ያን ቀን ዝም ያልኩት..."

"ማራገቢያው ላይ አንብቤዋለሁ።"

"ይቅር ትይኛለሽ?"

"ሲሞቀኝ አራግቤበት እነግርሃለሁ" አለች። ግን እጇ ቀድሟት ሄዶ የኮቱን ቁልፍ ይዞ ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ሲጀምር ግንባሩን ግንባሯ ላይ አስደገፈ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ክፍል ሰው የሚኖርበት ክፍል መሰላት።

* * *

እሁድ አዳራሹ ውስጥ ያ ሚስማር አዲሱን ፎቶ ይዟል፤ ሚስ ኮራሊም እንደ ወትሯቸው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ሰው ያስገባሉ። የቀኝ እጃቸው ነጭ ጓንት አጥልቋል። የግራው ባዶ ነው። ባዶው እጅ ላይ፣ ከጉጧ አጠገብ፣ የኢዞራ ጣቶች ቅርጽ ያለው ጥቁር ምልክት ወጥቷል፤ ትናንት እጃቸውን ስታስተካክል የነካችበት ቦታ፣ ብርሃን አግኝቶ ጠቁሯል። ቢያሹት አይለቅም። አላሹትምም።

ሰው ያያል፣ ይንሾካሾካል። ሚስ ኮራሊ በዚያው እጅ ኢዞራን ያዙና በመሃል መተላለፊያው፣ በሁሉ ፊት፣ እስከ ዱቫሎች ወንበር ድረስ ወሰዷት። አክስት ቪኒን በሌላው እጃቸው ጠሯት። አክስት ቪኒ ተቀምጣ ወንበሩን በመዳፏ እየዳበሰች "ሳልሞት" አለች ለራሷ። "ኧረ ሳልሞት።"

ኤሞሪ ቦታ ለመስጠት ጠጋ አለ። ኢዞራ ከጎኑ ተቀመጠች። እጁ እጇን ፈልጎ አገኘው። መዝሙሩ ተጀመረ፣ ወንበሩ ሞልቷል፣ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ከኋላ ያሉት ቆመዋል። በሁለቱ መሃል ግን ትንሽ ቦታ ክፍት ቀርታለች፣ አንድ ሕፃን የምታስቀምጥ። ኢዞራ አልተጠጋችም። ኤሞሪም አልተጠጋም። እጆቻቸው ከዚያች ቦታ በላይ ተያይዘዋል፣ ቀስ ብለው፣ ከስር ያለው እንዳይነካ።